የቆርቆሮው ዜሮ

ኅዳር 6

ለውድ አያቴ፣

አባባ፣ ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ዓይንዎስ? አዲሱን መነጽር አልወድም ብለው መሳቢያ ውስጥ እንደቆለፉበት አክስቴ ነግራናለች። መሳቢያ ከሆነ ደህና ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳይሆን ብቻ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ማለት እማዬ ደህና ናት፣ አባዬ አኩርፏል፣ እኔ ደግሞ ተከስሻለሁ።

«ዋንጫውን ጥለሽው ነው ወይ? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም» ብለው ጽፈውልኛል። «አልቆጣሽም» ብሎ የሚጀምር ሽማግሌ ተቆጥቶ የጨረሰ ነው፤ ቢሆንም እመልሳለሁ። አልጣልኩትም። አልነካሁትም። አሲድ አላፈሰስኩበትም። ይኸው በሦስት አረፍተ ነገር። አባዬ አንዱንም አልሰማ አለኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። የድሮው የኳስ ቡድናችሁ ተጫዋቾች በዓመታዊው ስብሰባቸው ላይ ዋንጫውን እንይ አሉ። አባዬ እርስዎ ይሠሩበት ወደነበረው መጋዘን ሄዶ፣ ሦስተኛውን ማቀዝቀዣ ክፍል ከፍቶ፣ ከዓሣው ካርቶኖች ጀርባ እርስዎ «እዚህ ይቀመጥ» ካሉበት መደርደሪያ ላይ ሣጥኑን አወረደ። በሽማግሌዎቹ ፊት ክዳኑን ሲያነሣው ዋንጫ የለም። ግራጫ ዱቄት አለ። ከዱቄቱ መሀል ደግሞ አንድ የዋንጫ ጆሮ ብቻውን ቆሟል። (በዚህ ቤት ካሉት ጆሮዎች ሁሉ የሚሰማኝ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።) በረኛችሁ የነበሩት ሰውዬ ኮፍያቸውን አወለቁ ይባላል፤ ልክ ለቀብር እንደሚወለቀው።

አባዬ ዱቄቱን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና ምን አለ መሰለዎት? «ይሄ የእሷ ሥራ ነው።» በቃ! ምርመራው አለቀ! ማስረጃው ምንድን ነው? አምና ከትምህርት ቤት ባመጣኋት አንዲት ጠብታ አሲድ የእማዬን ድስት ቂጥ አውልቄያለሁ። እሺ፣ አውልቄያለሁ፤ ያኔም አልካድኩም። አንድ ድስት ያበላሸ ሰው ለዓለም ብረት ሁሉ ተጠያቂ ነው እንዴ?

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ይስሙ። የሳይንስ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ተቀብሎኛል። የሚቀረኝ እስከ የካቲት መጨረሻ የወላጅ ፊርማ ማምጣት ብቻ ነው። አባዬ «ፊርማ በፊርማ» አለኝ። «ዋንጫውን በአሲድ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ» የሚል ወረቀት ራሱ ጽፎ ሰጠኝ። እኔ ፈርሜ ለተጫዋቾቹ ካነበብኩ እሱም የእኔን ይፈርማል። ካልፈረምኩ እዚሁ ቁጭ ነው፤ «ውሸታምን ሳይንስ አያቀናውም» ነው የሚለው።

እኔ ደግሞ የሌለ ጥፋት ፈርሜ የምገባበት ትምህርት ቤት ይቅርብኝ። ማለት፣ አይቅርብኝ! በጣም እፈልገዋለሁ። እንደዚያ ብዬ ግን አልገባም።

የእርስዎው
እሳቷ

---

ኅዳር 19

ይድረስ ለልጄ ለእሳቷ፣

ሰላምታዬ ለአንቺም ለቤቱም ሰው ሁሉ ይድረስ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምትጽፈው አክስትሽ ናት። እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ታሳምራለች። (አላሳምርም። ያሉትን ነው የምጽፈው። አክስትሽ።)

ቶሎ ስላልመለስኩልሽ አትቀየሚኝ። «ዋንጫው ማቀዝቀዣ ክፍል ይግባ ያሉት ለምንድን ነው?» ብለሽ ከደብዳቤሽ በኋላ በፖስት ካርድ የላክሽው ጥያቄ አናዶኝ ነው የቆየሁት። ለምን ማለት ምን ማለት ነው? ዕድሜዬን በሙሉ በዚያ መጋዘን ሠርቻለሁ። ሙቀት ሌባ ነው፣ ብርድ ዘበኛ ነው። ሥጋውን፣ ዓሣውን፣ ዘሩን፣ ክትባቱን ማን ጠበቀ? ብርድ። የሠርጌን ካባ ብል እንዳይበላው ማን ጠበቀ? ብርድ። የእናትሽን የጋብቻ ፎቶግራፍ እዚያ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም እንደ አዲስ ነው። ብርድ አንድ ነገር ሲያበላሽ አይቼ አላውቅም። ብረትንማ ጭራሽ።

በዚያው ካርድ ሜዳልያዬ ደህና ነው ወይ ብለሽ የጠየቅሽው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ደህና ነው። ከኮቴ የውስጥ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ከዋንጫው ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ብረት ቀልጦ የተሠራ ነው። ጎረቤታችን የነበረው የጣሳ ፋብሪካ ያተረፈውን ንጹሕ ቆርቆሮ ሰጥቶን፣ ሻጋታውን እኛው ሠርተን ነው። የሌሎቹ ተጫዋቾች ሜዳልያ ጠፍቷል፣ የእኔ ብቻ ቀርቷል። ዋንጫውም ከሄደ ከዚያ ቡድን የቀረው ይህ ብቻ ነው።

አሁን ምክሬን ስሚ። አንድ ወረቀት ነው። ፈርሚና ተገላገይ። ሽማግሌዎቹ እንደሆኑ እስከ ማታ ይረሱታል። አባትሽ እልኸኛ ነው፤ ከማን እንደወረሰው አላውቅም። (እኔ አውቃለሁ። አክስትሽ።)

አያትሽ

---

ታኅሣሥ 2

ለአያቴ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ፤ ይቅርታ፣ ተናድጃለሁ።

«ፈርሚና ተገላገይ»! ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም? አሁን ሥሩ ጋ ስንደርስ ነው «ተይው» የሚሉኝ? ሽማግሌዎቹ ይረሱታል። እኔ ግን እንደፈረምኩ አልረሳም። ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት፦ ብርድ ያን ያህል ታማኝ ዘበኛ ከሆነ ሜዳልያዎን ለምን ኪስዎ ውስጥ አሙቀው አስቀመጡት? ለምን ከዓሣው ጋር አላስተኙትም? ስለሚወዱት ነው! እየነካኩት መኖር ስለሚፈልጉ ነው! እሱ ደህና የሆነው እኮ እርስዎ የራስዎን ሕግ ስላፈረሱ ነው።

እንግዲህ ይስሙኝ። አክስቴ፣ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

ቆርቆሮ ስል የጣሪያውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ሌላ ብረት ነው። ዋንጫው የተሠራበት እውነተኛው ቆርቆሮ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዋንጫ የሚሆን። ሁለተኛው ግራጫ፣ ተሰባሪ፣ ለምንም የማይሆን። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው ማንም ሳይነካው በራሱ ነው። ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ደግሞ ሙቀቱ ነው።

ለምን ቢሉ፣ ማንኛውም ነገር በውስጡ ሁለት ምኞት አለው። አንዱ ሙቀቱን አውጥቶ፣ እግሩን ሰብስቦ፣ በሥርዓት መቀመጥ ነው። እንደ አባዬ። ሌላው ደግሞ መፍታታት፣ መበተን፣ እንደልብ መሆን ነው። እንደ እኔ። የሁለተኛውን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሙቀት ነው። ሲሞቅ የእኔ ቢጤው ይጮኻል፣ ያሸንፋል። ሲበርድ ድምፁ ይዘጋል፤ ያኔ አባዬ ብቻውን ይወስናል። ቆርቆሮም ሲበርደው በሥርዓት ልቀመጥ ይላል። ሥርዓቱ ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ዱቄት ይሆናል። ሥርዓት ሲበዛ ቤት እንደሚፈርስ ለእርስዎ አልነግርም፤ አባዬን ያሳደጉት እርስዎ ነዎት።

ይሄ ካልገባዎት የእርስዎን በረዶ ያስቡ። በረዶ ሲቀልጥ ሙቀት ይስባል፤ ብርጭቆውን የሚያቀዘቅዘውም ለዚህ ነው። ከዜሮ በላይ ማንም ሳይገፋው ይቀልጣል። ከዜሮ በታች ቢለምኑትም፣ ቢመክሩትም፣ ዓመት ቢጠብቁትም አይቀልጥም። በረዶው ያው ነው፤ የተለየው ሙቀቱ ብቻ ነው። ቆርቆሮም እንደዚያው ነው። የቆርቆሮው ዜሮ አሥራ ሦስት ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ነጩ ይመቸዋል፣ ከዚያ በታች ግራጫው። ሦስተኛው ማቀዝቀዣ ክፍል ደግሞ ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው! አባባ፣ እዚያ ያስቀመጡት ዋንጫ ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚቃጠል ክብሪት ነው።

ይህን ለአባዬ ነግሬዋለሁ። «ብርድ ብረት ሲበላ የት አይተሻል?» አለኝ። መጽሐፉን አሳየሁት። «የኬሚስትሪ መምህርሽ ይበል» አለ። የኬሚስትሪ መምህራችን ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ በክፍል ውስጥ «ሙቀት የሚያወጣ በራሱ ይሄዳል፣ ሙቀት የሚስብ በራሱ አይሄድም» ብለው ያስተማሩን ሰው ናቸው። ያኔ ጠረጴዛቸው ላይ በረዶ የገባበት ብርጭቆ ነበር። «መምህር፣ ታዲያ ያንን በረዶ ማን እየገፋው ነው የሚቀልጠው?» ብዬ ስለጠየቅኳቸው ከክፍል አስወጥተውኛል። አሁን ስለ ቆርቆሮው ስጠይቃቸው «እኔን አርመሽ፣ አሁን ደግሞ አባትሽን ልታርሚ ነው?» አሉኝ። እኮ በየት ልሂድ? አንዱ ትልቅ ሰው ወደ ሌላው ትልቅ ሰው ይልከኛል፤ ሁሉም በር ላይ «ልጅ ነሽ» የሚል ተጽፏል።

ከዱቄቱ ቆንጥሬ በወረቀት ጠቅልዬ እዚህ ውስጥ ልኬልዎታለሁ፤ በዓይንዎ ይዩት። አሲድ የነካው ብረት እንዲህ አይሆንም። አደራዎን፣ ሜዳልያዎን እንዳይነካው። ግራጫው ነጩን ያስተምረዋል፤ አንድ ቅንጣት ብርድ ላይ ካገኘው እንደ ወሬ ይዛመታል። ሙቅ ኪስዎ ውስጥ እስካለ ግን ምንም አይሆንም።

አልፈረምኩም። አልፈርምም።

እሳቷ

---

ጥር 4

ለውድ አያቴ፣

እንደምን ከረሙ? ባለፈው ደብዳቤዬ ሰላምታ ስለነፈግኩዎት ይቅርታ፤ ይኸው በእጥፍ። የእማዬ ሰላምታ አለበት። የአባዬ የለበትም፤ ቢኖርም አልነገረኝም።

ጥያቄዎችዎ ደርሰውኛል። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ፣ ሰላምታ እንኳን የለው። እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ ነዎት ተማሪው? ቢሆንም በየተራ እመልሳለሁ።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» እንደ ብርዱ ነው። እንደ ሦስተኛ ክፍል ከሆነ ይፈጥናል፣ እንደ ቤት ማቀዝቀዣ ከሆነ ይዘገያል፤ ግን ዱቄቱ በደንብ ተጭኖ ከነካው ሳምንታት ሊበቁት ይችላሉ። በራሱ ይሄዳል ማለት በሩጫ ይሄዳል ማለት አይደለም። አንዳንዱ እንደ እናንተ እንደ ጡረተኞቹ ሰልፍ ነው፤ ይንቀራፈፋል፣ ግን ይሄዳል።

«አጠገቡ ዓሣ ቢኖር ለውጥ ያመጣል?» አያመጣም። ዓሣው ግድ የለውም።

«አንድ ጊዜ ዱቄት ከሆነ በኋላ ቢሞቅ ይመለሳል?» ወደ ነጭነቱ ይመለሳል። ወደ ቅርጹ ግን አይመለስም። ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ማቅለጥ ካልሆነ በቀር።

አሁን ደግሞ የእኔ ጥያቄ። ይህን ለምን ፈለጉት? አክስቴ በስልክ ለእማዬ ያለችውን ሰምቻለሁ። «አባባ የማቀዝቀዣዬን የላይኛውን በር ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ጠዋት ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው ከፍተው ያዩና አጉረምርመው ይዘጋሉ። ሥጋዬን ጎረቤት ቤት ነው የማስቀምጠው» ነው ያለችው። መነጽሩን ማድረግዎ ደስ ብሎኛል። ሌላው ግን ደስ አላለኝም።

ሜዳልያው ኪስዎ ውስጥ ነው አይደል? አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ። «አዎ» ይበሉኝ።

እዚህ ያለው እንደነበረ ነው። አባዬ ሁለቱን ወረቀቶች፣ የእኔን የትምህርት ቤት ቅጽና እሱ የጻፈውን ይቅርታ፣ ጎን ለጎን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጨው ማስቀመጫውን ጭኖባቸዋል። ጨው በፈለግን ቁጥር ሁለታችንም ወረቀቶቹን ማየት አለብን። እማዬ ጨው አልባ መብላት ጀምራለች፤ «ለደም ግፊት ጥሩ ነው» ትላለች። የተጫዋቾቹ ቀጣይ ስብሰባ ቀን ተላልፏል፤ ሽማግሌዎቹ «ልጅቷ ይቅርታዋን እስክታነብ» ብለዋል አሉ። በመንገድ ሲያገኙኝ እንደ መቃብር ቆፋሪ ነው የሚያዩኝ። በረኛው ብቻ «አይዞሽ፣ እኔም አንድ ጊዜ በራሴ ጎል ላይ አግብቻለሁ» አሉኝ። አባባ፣ እኔ እኮ አላገባሁም!

እሳቷ

---

የካቲት 8

ለልጄ፣

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደሉ ቢተልቅ ይቅርታ አድርጊልኝ። አክስትሽ እንድታውቀው አልፈለግኩም፤ ስለ ማቀዝቀዣዋ ገና አልታረቅንም።

«አዎ ይበሉኝ» ብለሽኝ ነበር። ያልመለስኩልሽ መዋሸት ስላልፈለግኩ ነው። ኪሴ ውስጥ ያለው ግማሹ ነበር።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት «ይህች ልጅ ቀልዳለች» ብዬ ነበር። ኋላ ግን የበረዶው ነገር አልለቀኝም። ከዜሮ በታች ቢለምኑት አይቀልጥም ብለሻል። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስንት ዘመን ስጠብቀው የኖርኩት እሱን ነው። ታዲያ ለቆርቆሮም የራሱ ዜሮ እንዳይኖረው ማን ከልክሎት? እኔ ነኝ እንዴ?

ሜዳልያውን ከሁለት በመጋዝ ቆረጥኩት። ግማሹን ከላክሽው ዱቄት ጋር በጨርቅ ጥብቅ አድርጌ አሥሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖርኩት። ግማሹን ኪሴ መለስኩት። አንድ ብረት፣ አንድ ቀን የተቀዳ፣ አንድ ቤት ያለ። ልዩነቱ ብርዱ ብቻ ይሁን ብዬ ነው። በዚህ ቤት አሲድ የሚባል ነገር የለም፤ የአክስትሽ ምላስ ካልተቆጠረ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን እንደ ኪንታሮት ያለች ነጥብ አወጣ። ነጥቧ ሰፋች፣ አበጠች። ባለፈው ሰኞ ጨርቁን ስፈታው እጄ ላይ ተበተነ። ኳሷ የተቀረጸችበት በኩል ነበር።

ዱቄቱን በጠርሙስ፣ ደህናውን ግማሽ በፖስታ አድርጌ ለአባትሽ ልኬለታለሁ። ከሱ ጋር የጻፍኩለት አጭር ነው፦ «ዋንጫውን ብርድ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ የበላውም ብርድ ነው። ዘበኛውም ይሰርቃል። ለልጅቷ ፈርምላት።»

ፈርሚ ብዬ የመከርኩሽን እርሺው።

አያትሽ

---

የካቲት 20

ለአያቴ፣

ማን ይህን ያድርጉ አለዎት?! «አደራዎን እንዳይነካው» ብዬ የጻፍኩት በየትኛው ቋንቋ ነው? እኔ አንድ ዋንጫ ፈጅተሻል ተብዬ ስወቀስ እርስዎ ሄደው ሜዳልያውን ይጨምሩበት? ከዚያ ቡድን የቀረው ይህ ብቻ ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ደብዳቤዎን ሳነብ በጣም ተናድጄ አለቀስኩ። ንዴት ነው፤ ሌላ እንዳይመስልዎት።

ደግሞ አንዱን ግማሽ ብርድ፣ አንዱን ግማሽ ሙቀት ውስጥ አድርጎ ማስተያየት ማን አስተማረዎት? እንደዚያ የሚያደርጉት እውነተኛ ሳይንቲስቶች ናቸው። መምህራችን እንኳን አያደርጉትም። ይህን ስጽፍም ተናድጃለሁ።

«አባትሽ ምን አለ?» ብለው ለእማዬ በስልክ ሦስት ጊዜ ጠይቀዋል አሉ። ሁለት ቃል ብቻ! ፖስታውን ቆሞ ከፈተ። ደብዳቤዎን አነበበ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሣ፣ ግማሽ ሜዳልያውን ከጠርሙሱ ጎን ያዘው፣ ተቀመጠ። ከዚያ ጨው ማስቀመጫውን አንሥቶ «ብዕር አምጪ» አለኝ። የእኔን ወረቀት ፈረመ። የእሱን ወረቀት አጥፎ አጥፎ የሚወዛወዘው የጠረጴዛው እግር ሥር ከተተው። «ይቅርታ» የምትል ቃል ግን ከአፉ አልወጣችም። እኔ ሳላጠፋ ገጽ ሙሉ ይቅርታ ተጽፎልኝ፣ እሱ አጥፍቶ «ብዕር አምጪ»! ይሄ ፍርድ ነው?

ማምሻውን መጋዘን ሄዶ ሦስተኛ ክፍልን አራቆተው። የሠርግ ካባዎ ቤት ገብቷል፣ ዓሣ ዓሣ ይላል። የእማዬ ፎቶግራፍ ግን እርስዎ እንዳሉት እንደ አዲስ ነው፤ ብርድ ለፎቶግራፍ ጥሩ ነው። ልዩነቱን ቁጭ ብዬ አስረድቼዋለሁ፤ አዳመጠኝ። አላቋረጠኝም! ምናልባት የእሱ ይቅርታ ይሄ ይሆናል፤ እኔ ግን በቃል እፈልገዋለሁ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ የጠቀለልኩትን በጥንቃቄ ይክፈቱት። ዱቄት ቢሞቅ ወደ ቅርጹ አይመለስም፣ ማቅለጥ ካልሆነ በቀር ብዬዎት ነበር። ስለዚህ አቀለጥነው። የዋንጫውን ዱቄትና የጠርሙሱን ዱቄት አንድ ላይ ድስት ውስጥ ጨመርነው። ብዙው እንደ አመድ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ፤ ከሥሩ ያለው ግን እንደ መስታወት ሆነ። ደህናውን ግማሽ በጭቃ ሻጋታ ውስጥ አስተኝተን የጎደለውን በኩል ሞላንበት። እንደሚያዩት አያምርም። ኳሷ እንደ ድንች ሆናለች። መገጣጠሚያው ያበጠ ጠባሳ ይመስላል። ግን አንድ ሆኗል፤ ግማሹ የእርስዎ፣ ግማሹ የዋንጫው። ጆሮው ለበረኛው ተሰጥቷል፤ በቁልፍ ማንጠልጠያቸው ላይ አድርገውታል፣ «ከኪሴ አይወጣም» ብለው ምለውልኛል።

የእርስዎም ከኪስዎ እንዳይወጣ። ለማንም ማስረጃ እንዲሆን አይቁረጡት። ለእኔም ቢሆን።

የእማዬ ድስት ሥሩ ጠቁሮ ተጣሟል፤ አዲሱ ድስት ነበር። የዚህን ይቅርታ ማንም ሳያዘኝ በራሴ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። እውነት ስለሆነ ለመፈረም አልከበደኝም።

ቆርቆሮውን ስናቀልጥ የድስቱን እጀታ ይዞልኝ የነበረው አባዬ ነው። እሱ ግን ይቅርታውን አልፈረመም።

እሳቷ